ፈቃዱ የመጣ ዕለት

ትርንጎዬ፣

ይህን ፖስት ካርድ ከመርሳ ነው የምጽፍልሽ። ወሬ ስወድ ታውቂኛለሽ፤ የዛሬውን ግን መጻፉም ከበደኝ።

ሼህ ኡበይደላ የሚባሉ ሽማግሌ ከአባታቸው የወረሱት ደርብ ቤት በቅርስነት ተመዝግቧል። የሰገነቱ ምሰሶ ቢበሰብስባቸው «በብረት ልተካው» ብለው አመለከቱ። የቅርስ ኮሚቴው «ብረት መልኩን ያበላሻል፤ እስክንወስን አንድ ሚስማር እንዳይነካ!» አላቸው። ክረምቱን ሙሉ ጠበቁ። ከትናንት በስቲያ ባለቤታቸው ኢሕሳን ከስሩ በርበሬ ሲያሰጡ ሰገነቱ ወረደባቸው።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ የኮሚቴው መሐንዲስ ሞታቸውን ሳይሰማ ደብዳቤ ይዞ ከተፍ አለ። ተፈቅዷል! ሼሁ ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣

«አላህ ይስጥህ ልጄ። ፍርስራሹን ለማንሳትስ ማመልከቻ ልጻፍ?» አሉት።

መሐንዲሱ አንገቱን ደፍቶ፣ «አዎ አባባ፤ ያስፈልጋል» አለ።

እኛ ሰፈር ሳይጠይቁ ያፈርሳሉ፤ እዚህ ሲጠይቁ ፈረሰ።

ካርዱ ሞላብኝ፤ ጠርዙ ላይ ነኝ። እማማን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ። ደግሞ እናንተም የማደሻ ፈቃድ የምትጠብቁለት በረንዳ ስር ፀሐይ መሞቁ ይቅርባት፤ ወንበሯን ዛሬውኑ አንሺው።

ያንቺዋ ብርቱካን