ሳይጠየቅ ይለፍ

ለምሳሳልሽ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? በጅምላ ከጠየቅኩሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ እንደምታልፊኝ ስለማውቅ፣ እንደ ድሮ ሥራሽ ልማድ አንድ በአንድ ልቁጠር። ዕቃ ስታነሺ የሚወጋሽ ትከሻሽ እንዴት ሆነ? የደም ግፊት ኪኒንሽን በሰዓቱ ትውጫለሽ ወይስ ዛሬም ለሰው ስትሯሯጪ ትረሺዋለሽ? የእማማ ጉልበት ብርዱን ቻለው? ጆሯቸውስ? ባለፈው በስልክ «ጮክ በል» ሲሉኝ ጮኼ፣ ጎረቤቴ ግድግዳውን በቡጢ እንደደበደበብኝ ንገሪያቸውና ይሳቁ። አናጺው ባልሽስ ያን የሚያፈስ ጣሪያ ጠገነው ወይስ የሰው ቤት ሲያሳምር እየዋለ የራሱ ሳሎን ውስጥ ዛሬም ባልዲ ተደቅኗል?

እኔ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ሥራ ውዬ እገባለሁ። ደህና ነኝ ማለት ግን ከበደኝ፤ ስልኩን ትቼ ብዕር ያነሳሁትም ለዚህ ነው። በስልክ ቢሆን ከሁለት ቃል በኋላ «ምን ሆነሃል?» ትይኛለሽ፣ እኔም «ምንም» እልሽና ስለ አየሩ እናወራለን። እንዲህ ተባብለን የዘጋነው ስልክ በዝቷል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቅሽ የምትመልሺው እየጠፋሽ ስንት ጊዜ «ምንድን ነው የምትሠራው?» አልሽኝ? እኔስ ስንት ጊዜ «የኮምፒውተር ነው እትዬ፣ ላንቺ አይገባሽም» አልኩሽ? ስድስት ዓመት ሙሉ። አሁን ሳስበው ከማውቀው ሰው ሁሉ ሥራዬ ቶሎ የሚገባው ቢኖር አንቺ ነበርሽ። ይቅር በይኝ፤ ይኸው ዛሬ ላስረዳሽ።

የምሠራበት ድርጅት የትንንሽ ክሊኒኮችን የሕመምተኛ መዝገብና የቀጠሮ ደብተር በኮምፒውተር ይይዛል። ስልሳ ያህል ጸሐፊዎች አሉን። ድሮ ሁሉም አንድ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጠው ይጽፉ ነበር፤ የእኔም ሥራ የአጥር ሥራ ነበር፤ የውጭ ሰው እንዳይገባ መከልከል፣ የውስጡን ሰው እንደ ልቡ መተው። ኋላ ሠራተኛው ከየቤቱ እንዲሠራ ተፈቀደ። አንዷ ከማድቤቷ፣ ሌላዋ ልጇን ካስተኛችበት ክፍል፣ አንዱ ደግሞ ከአማቱ ቤት በረንዳ ሆነው መጻፍ ጀመሩ። እኔም ከየቤታቸው እስከ ሕንፃው ድረስ በኢንተርኔት ላይ እንደ ዋሻ ያለ መንገድ ዘረጋሁላቸው። ዋሻው ከውጭ አይታይም፣ በዚህ ደግ ነው። ክፋቱ፣ በዋሻው የመጣ ሰው አንዴ ከገባ የሁሉም ክፍል በር ተከፍቶ ይጠብቀዋል። ሌባም ቢመጣበት ያው ነው።

ስለዚህ አሠራሩን ለወጥነው። መዝገቡን ከሕንፃው አውጥተን ክላውድ ወደሚሉት ወሰድነው። ስሙ ደመና ማለት ነው እንጂ ደመና አይደለም፤ በሰፋፊ አዳራሾች የተደረደሩ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተሮች ናቸው፣ እኛ ተከራይተን እንገለገልባቸዋለን። ባዶ ሕንፃ ሲጠብቅ የሚውለውን ዘበኛም አንስተን እዚያው አቆምነው። ዘበኛ የምልሽ ሰው አይደለም፣ ፕሮግራም ነው። ከየትም የመጣን፣ ማንንም፣ በመጣ ቁጥር ይጠይቃል። ማነህ? የይለፍ ቃልህን አውቀሃል፣ መልካም፤ አሁን ደግሞ በስልክህ የላክሁልህን ቁጥር አሳየኝ። የያዝከው ኮምፒውተር የድርጅቱ ነው? ንጹሕ ነው ወይስ ቫይረስ አለበት? የመጣኸውስ ለየትኛው መዝገብ ነው? ይህን ሁሉ ከመለሰ በኋላ የጠየቀውን አንድ መዝገብ ያሳየዋል እንጂ ሌላ መደርደሪያ መኖሩን እንኳ አይነግረውም። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደነካም ይጽፋል። ትናንት አውቄሃለሁ ብሎ ዛሬ አያሳልፍም።

ሳቅሽ አልመጣም? እኔስ ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ኋላ ግን ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ። ይህን አሠራር ያስተማሩን ሰዎች አዲስ ነገር ነው ብለው ነው ሦስት ቀን ሙሉ ያስቀመጡን። አንቺ የፋብሪካው የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል መስኮት ላይ ቆመሽ ሃያ ዓመት የሠራሽው ነው። የማሽን ቺንጋ ሊወስድ የመጣ መካኒክ ከመስኮቱ አያልፍም ነበር፤ አንቺው አምጥተሽ ትሰጪዋለሽ፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ሲጋራ የለኮሰውን ከነሲጋራው ትመልሺዋለሽ። ዳይሬክተሩ ሾፌራቸውን ሲልኩብሽ «ወረቀቱስ?» አልሽው። «እኔን አታውቂኝም እንዴ?» ቢልሽ «አንተንማ አውቅሃለሁ፣ የማላውቀው መላክህን ነው» አልሽው። ፋብሪካው ሙሉ «ወይዘሮ ፊርማ» እያለ ሲስቅብሽ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለሽ ደብተርሽን ትገልጫለሽ።

አሥረኛ ክፍል እያለሁ ዝናብ አባርሮኝ መስኮትሽ ጋ የመጣሁበትን ቀን ታስታውሻለሽ? «አስገቢኝ» ስልሽ ጃንጥላሽን በመስኮቱ አቀበልሽኝ እንጂ በሩን አልከፈትሽልኝም። «ወንድሜነትህ ለቤት ነው» አልሽኝ። አኩርፌ ሦስት ቀን አላናገርኩሽም። አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ፤ በር ላይ የሚጠብቁኝ ጓደኞቼ «እኅትህ ናት እንዴ?» ሲሉኝ «አይደለችም፣ ጎረቤታችን ናት» አልኳቸው። በአንቺው ጃንጥላ ተጠልዬ። ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ፣ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ አውቀሽብኛል።

ከጸሐፊዎቻችን አንጋፋዋ የምንላቸው ሴት አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። እዚህ አገር እንደመጣሁ ማንም ዞር ብሎ ሳያየኝ፣ የባላቸውን ካፖርት አምጥተው «ልጄ፣ ይህ ብርድ ቀልድ አያውቅም» ብለው ያለበሱኝ እሳቸው ናቸው። ባላቸው ባለፈው ዓመት ግማሽ አካላቸው ከዳቸው። አንጋፋዋ የማድቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ሆነው ይጽፋሉ፣ በየመካከሉ ተነስተው ባላቸውን ያገላብጣሉ፣ ተመልሰው ሲቀመጡ ዘበኛው እንደ አዲስ «ማነሽ?» ይላቸዋል። ቁጥሩ የሚላክበት ስልካቸው ደግሞ ያረጀ ነው፤ ሲያሻው ይቀበላል፣ ሲያሻው ድርግም ይላል።

በኅዳር አንድ ቀን ጠዋት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ዘበኛህ አሰለቸኝ። በቀን አሥር ጊዜ ማነሽ ይለኛል። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ቤት ማንነቴን አያውቀውም?» አሉኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር፤ ድምፃቸው ግን ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር። እኔም አፈርኩ፣ ይሉኝታ ያዘኝ። «ሳይጠየቅ ይለፍ» የሚባል ዝርዝር አለን፤ ጨርሰን ያልዘጋነውን፣ አሁን ወደ ክላውዱ የሚያደርሰውን ያን አሮጌ ዋሻ ለሚጠቀሙ ለጥቂት ማሽኖች የተተወ ነው። እዚያ ውስጥ አስገባኋቸው። ያውም ኮምፒውተራቸውን ሳይሆን ስማቸውን፤ በስማቸው የመጣ ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ፣ ሳይጠየቅ እንዲያልፍ። አዲስ ስልክ እስኪታዘዝላቸው ድረስ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ብዬ።

ስልኩ በዘጠነኛው ቀን ደረሳቸው። ስማቸውን ግን አላወጣሁትም። ረሳሁት ብልሽ ግማሹ ውሸት ነው። በነጋታው ደውለው «አንተ ነህ ከሰው የቆጠርከኝ» ብለውኝ ነበር፤ ምስጋናው ጣፈጠኝ። ዘበኛውን መልሼ በራቸው ላይ ማቆም እሳቸውን ሌባ ማለት መሰለኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ አራት ወር አለፈ።

በመጋቢት ለአንጋፋዋ የባላቸውን መድኃኒት ከሚያደርሰው ድርጅት የተላከ የሚመስል ኢሜይል ደረሳቸው። «መድኃኒቱ ሊመለስ ነው፣ እዚህ ገብተው ያረጋግጡ» ይላል። ደነገጡ፣ ገቡ፣ የይለፍ ቃላቸውን ጻፉ፤ የሥራቸውም ያው ነበር። እንዲህ ያለ ስህተት ማንም ይሠራል፤ ዘበኛው የተቀመጠውም ለዚሁ ቀን ነበር። ሌቦቹ በማግስቱ በስማቸው ሲመጡ «ማነህ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ኖሮ እዚያው በር ላይ በቀሩ ነበር። አልጠየቃቸውም፣ አትጠይቅ ብዬዋለሁና። በአሮጌው ዋሻ ገብተው የአሥራ አንድ ክሊኒኮችን መዝገብ ቀድተው ወሰዱ፣ የቀረውንም ቆልፈው ሄዱ። ሁለት ቀን ሙሉ ሕመምተኛ ከየክሊኒኩ በር ተመለሰ። ለዓይን ቀዶ ሕክምና ሰባት ወር የጠበቁ አንድ ሽማግሌ ተራቸው አለፋቸው። የስንት ሰው የሕመም ምስጢር በማን እጅ እንዳለ ዛሬም አናውቅም። እኔም በሦስተኛው ቀን ዋሻውን ደፈንኩ፣ ዝርዝሩንም በሙሉ ሰረዝኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ስብሰባው በኮምፒውተር ነበር፤ ሁላችንም በየመስኮታችን ብቅ ብለናል። አለቃችን «ማነው በሩን የከፈተው?» ሲል አንጋፋዋ ማንንም ሳይጠብቁ «የይለፍ ቃሌን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። አለቃችን ስሜን ጠርቶ «ዘበኛው ለምን ቁጥር አልጠየቀም?» አለኝ። «እያጣራሁ ነው» አልኩት። እንዲህ ባለ ስብሰባ ማን ማንን እንደሚያይ አይታወቅም፣ ሁሉም ወደ ፊት ነው የሚያየው። ግን እኔን እንዳዩኝ አውቃለሁ። ለምን እንዳልተጠየቁ ከእኔ ሌላ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። ስሜን ግን አላነሱም።

ከሥራ ታገዱ። ላፕቶፑን መረከብ ደግሞ የእኔ ሥራ ነውና ቤታቸው ሄድኩ። ወልውለው፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልለው አዘጋጅተውታል። ባላቸው ከውስጥ ሆነው «ማነው የመጣው?» ሲሉ «ልጃችን ነው» አሏቸው። ይህች ቃል ወጋችኝ። ከዚያ የርክክቡን ቅጽ አወጣሁ። «የተመለሰበት ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለው። ማድቤታቸው ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይናቸው እያየኝ፣ «በሠራተኛዋ የጥንቃቄ ጉድለት» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። አንብበው ፈረሙ። «እናትህን ሰላም በልልኝ» ብለው ሸኙኝ።

እትዬ፣ ያ ቅጽ ከፊቴ አልሄድ አለ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ሰባት ሳምንት ያዝኩት። ከዚህ የባሰውን ደግሞ ልንገርሽ። ያ ዘበኛ የሚጽፈው መዝገብ እንደ አንቺ ደብተር ለዘላለም አይቀመጥም፤ ስድስት ወር ሲሞላው ራሱን ያጠፋል። «ኅዳር 14፣ ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ፣ ይህ ስም ሳይጠየቅ ይለፍ፤ የፈቀደው እገሌ» የሚለው መስመር የፊታችን ሐሙስ ይጠፋል። እገሌ የተባልኩት እኔ ነኝ። ያን መዝገብ የማነበው ደግሞ እኔ ብቻ። ያን ሁሉ ሳምንት «እያጣራሁ ነው» ስል ሐሙስን እየጠበቅኩ ነበር። ለራሴም አልነገርኩትም፣ ግን ቀን ስቆጥር ራሴን ያዝኩት።

ዛሬ ጠዋት ልብስ ሳጣጥፍ መሳቢያ ከፈትኩና ድርጅቱ ለብልሽት ብሎ እኔ ዘንድ የሚያስቀምጠው ትርፍ ስልክ ከነካርቶኑ አገኘሁት። በኅዳርም እዚያው ነበር። አንጋፋዋ ቤት በሁለት አውቶቡስ ይደረሳል። ያን ቀን ይዤላቸው ብሄድ ኖሮ ዘበኛውም ባላስቸገራቸው፣ በሩም ባልተከፈተ ነበር። ያኔ ጃንጥላሽ ትዝ አለኝ። ጃንጥላ ማቀበል እያለ በር ከፈትኩ፤ ይህንንም ደግነት አልኩት። አልጋው ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩትን አልደብቅሽም።

ያን መስመር አትሜዋለሁ። ነገ ጠዋት አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ፣ ከዚያም በሁለት አውቶቡስ ወደ አንጋፋዋ ቤት እሄዳለሁ። ሥራዬን ላጣ እችላለሁ፤ እሳቸውም ይመለሱ አይመለሱ አላውቅም። ጀግና መስዬ አልታይሽ፤ ራሴን አውቀዋለሁና ነገ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ «ሐሙስ እኮ ደረሰች» ልል እችላለሁ። ለዚህ ነው ሁለተኛውን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያሸግኩልሽ። የሌላ ሰው ነገር ያለበትን ሁሉ በጥቁር ቀለም ሸፍኜዋለሁ፣ የሚነበበው የእኔ ስም ብቻ ነው። ዛሬ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከወደቀ በኋላ እጄ አያወጣውም። ሲደርስሽ ደውዪልኝ። ስለ ጤናዬ አትጠይቂኝ፣ ስለ አየሩም አናውራ። «ወረቀቱስ?» ብቻ በይኝ።

እማማን ጉልበታቸውን ስሚልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢላቸው። ለአናጺው ባልሽ ባልዲውን እንዲያነሳ፣ እኔም በሰው ጣሪያ ለመሳቅ አፍ እንደሌለኝ ንገሪልኝ። ዝምተኛው ልጅሽን ግንባሩን ሳሚልኝ። ጠያቂዋ ልጅሽ ደግሞ «አጎቴ ምንድን ነው የሚሠራው?» ካለችሽ አሁን አንቺው አስረጃት፤ «እኔ የሠራሁትን ነው፣ እሱ ግን አላወቀበትም» በያት።

ናፋቂሽ ወንድምሽ

ከተከራየኋት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
እሑድ ከሰዓት፣ ግንቦት 10 ቀን

አባሪ፦ አንድ ገጽ
አስረካቢ፦ ወንድምሽ፣ ፈርሜአለሁ
ተረካቢ፦ ……………………