እናቴን የቀበረው ማመልከቻ

መካነ ሰላም፣ ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን 1967 ዓ.ም.

ጠዋት ለእርዳታ እህል ማደያው ጸሐፊነት ማመልከቻ አስጻፍኩ። ማመልከቻ ጸሐፊው ጋሽ ሰይድ እንደ ልማዳቸው «እናት አባት የሌለኝ ምስኪን ነኝ» ብለው ጀመሩልኝ።

«እንዲህ ካላልሽ ማን ያዝንልሻል?» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ጮክ ብዬ ሳነበው እናቴ ከተኛችበት ቀና አለች።

«ከከላላ ረሃቡን ሸሽቼ በእግሬ የመጣሁት አንቺ እንድትቀብሪኝ ነው?»

ከታመመች ወዲህ ስትቆጣ ገና ዛሬ አየኋት። ደስ አለኝ።

ቀደድኩትና በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ጽሕፈቴ ያምራል፤ እናቴም በሕይወት አለች።

የማደያው ኃላፊ አነበቡት። ፈገግ ብለው «ሰኞ ለፈተና ነይ» አሉኝ።

ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። ስለ ፈተናው ምንም አልጠየቀችኝም።

«አልሐምዱሊላህ! የጻፍሽውን እስቲ አንዴ በይልኝ» አለች።

አልኩላት።

«የመጨረሻዋን ድገሚልኝ።»