የይልማ ቤት በር

ባይሽ፣

ውሃ ቀድቻለሁ፤ እንስራው ሙሉ ነው። ለዶሮዎቹ ጥሬ በትኚላቸው። ቁልፉን እማማ ሐዋ ሱቅ ታገኚዋለሽ።

ይልማ ለአንቺ ያሠራውን ቤት ገና አላየሽውም። በሩ ሰማያዊ ነው። አንቺ አረንጓዴ እንደምትወጂ አውቃለሁ፤ ሦስት ዓመት አብሬሽ ኖሬ እንዴት አላውቅም?

ባለፈው መስከረም ይልማ ወደምሠራበት ወደ ባቡር ጣቢያው ቡፌ መጥቶ «ዓለምሸት፣ ለቤት በር የትኛው ቀለም ያምራል ትያለሽ?» አለኝ።

ስለ አዲሱ ቤቷ ሙሽራዋ ራሷ አትጠየቅም፣ የምትጠየቀው ጓደኛዋ ናት። ይህ ወግ መች ጠፋኝ! ግን ሽማግሌ ገና አልላከም፣ ስምሽንም አላነሳም። እኔን አስቦ፣ አፍሮ የሚያድበሰብስ መሰለኝና የራሴን ቀለም፣ ሰማያዊን፣ ነገርኩት።

ቀለሙን ከድሬዳዋ አስመጥቶ ሲቀባ፣ ከሥራ ስወጣ መንገዴ ሳይሆን በዚያ በኩል እየዞርኩ አየው ነበር።

አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ መላኩን እሁድ ከራስሽ አፍ ሰማሁ። እየሳቅሽ አቀፍሽኝ። እኔም ሳቅሁ።

አኩርፌ አይደለም የምሄደው።

ትንሽ አኩርፌያለሁ።

ለሚጠይቅሽ ሰው አክስቷ ታማባት ድሬዳዋ ሄደች በይ። ለሠርግሽ ያሰፋሁት ቀሚስ ሣጥኑ ውስጥ አለ፤ ለእህትሽ ይሆናታል።

አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እሱም አላጠፋም። ግን ሳትገቢበት በፊት በሩን አረንጓዴ አስቀቢው። እኔ እንዳልኩሽ አትንገሪው።

ባቡሩ በዚያ ቤት ደጃፍ ነው የሚያልፈው። እኔ በሩ በማይታይበት በኩል እቀመጣለሁ።

ዓለምሸት