ለአንድ ጥንድ ጫማ ቁጥር እንዲሰጥልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች ጉዳይ ዳይሬክተር፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ፣ እንቅልፍዎም ያልተቆራረጠ እንዲሆን ከልብ እጸልያለሁ። እኔ ከዩኒቨርሲቲው የኋላ በር አጠገብ ሃያ ስድስት ዓመት ጫማ የጠገንኩ፣ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ሚስቴን ከቀበርኩ አራት ዓመት የሆነኝ ቦንግ ሳንግቹል ነኝ። ጽሑፌ ቢንጋደድ ይታገሱኝ፤ ተረከዝ ማቃናት ይቀለኛል።

የምጽፍልዎ በተማሪዎች ሕንፃ ምድር ቤት ረቡዕ ረቡዕ እየተሰበሰቡ የከበዳቸውን ለእኩዮቻቸው ያወሩ ስለነበሩ ልጆች ነው። ወለሉ የሚሞቅ ክፍል ስለነበረ ጫማቸውን በር ላይ ያወልቁ ነበር። አዲስ ሰው ሲመጣ አስተባባሪያቸው ናም ዶግዩ ቀስ ብሎ ይወጣና የእንግዳውን ጫማ አፍንጫ ወደ ውጭ ያዞርለታል። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ በፈለገው ሰዓት መውጣት እንደሚችል ያየ ሰው ረጋ ብሎ ይቀመጣል» አለኝ። የጠገንኩትን ላደርስ ስወርድ አሥራ ስድስት ጥንድ ተደርድሮ አይቻለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ባለፈው መጋቢት «ለተሳታፊዎች ደኅንነት» ሲባል ማንኛውም ገቢ ስሙንና የተማሪ ቁጥሩን በር ላይ እንዲያስመዘግብ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ልጆቹ ግን ውለታ አያውቁም፤ «ነገ ሴኡል ሥራ ስንጠይቅ ይሄ ዝርዝር ቀጣሪዎቹ እጅ ቢገባስ? አለቀልን በለኛ!» እያሉ ሱቄ ውስጥ ያንሾካሹካሉ። አሥራ ስድስቱ ጥንድ በሁለት ሳምንት አራት ሆነ።

2ኛ. አስተባባሪው ከየስሙ ትይዩ፣ እንደ ልጁ ጭንቀት ክብደት፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ነጥብ እንዲያደርግ ስላስተማሩት አመሰግናለሁ። ዶግዩ «ጓደኛዬን የትራፊክ መብራት አላደርግም» ብሎ ስላስቸገረ፣ በሚገባው ፍጥነት ከኃላፊነቱ ተነሣ።

3ኛ. አራት ሰው ብቻ መቅረቱን አይተው፣ «ፍላጎት የለም» በማለት ክፍሉን ስለዘጉት አመሰግናለሁ። በተቆለፈው በር ላይ ያስለጠፉት ወረቀት ያምራል፤ ከፈገግታ ሥዕል ጋር «ብቻህን አይደለህም» ይላል።

አራተኛውንም ለእርስዎ ላደርገው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እሱ የእኔ ነው።

ታክ ዩንሶል የምትባል የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነበረች፤ ከአሥራ ስድስቱ አንዷ፤ የግራ ተረከዟ ቶሎ የሚያልቅ። ክፍሉ በተዘጋ በሁለተኛው ረቡዕ፣ በነጠላ ጫማ ሆና ጥቁር ጫማዋን ይዛልኝ መጣች። ሰጥታኝ አልሄደችም። «ጋሼ፣ ትንሽ ልቀመጥ?» አለችኝ። ሰዓቴን አየሁ። የረቡዕ ጸሎት ሊጀመር ነበር።

«ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ ነው ልጄ፤ ማክሰኞ ነይ፣ ይደርስልሻል።»

«እሺ፣ ለእኔም ይጸልዩልኛ» ብላ ሳቀች።

ጸለይኩ። በስሟ አይደለም፤ ለወጣቶች ሁሉ ብዬ፣ በጅምላ። ሰውን በር ላይ ትቼ ስለ ሰው ልጸልይ ሄድኩ። እሁድ ዕለት በሕይወት እንደሌለች፣ ሕይወቷን ያጠፋችውም ራሷ እንደሆነች ዶግዩ መጥቶ ነገረኝ።

ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም፤ ጸሎት ይበቃኛል እል ነበር። አሁን ግን እግዚአብሔር የሚያደምጠኝ ሰው ስንት ጊዜ ልኮልኝ፣ እኔ ሰዓቴን ሳይ አምልጦኝ ይሆን እላለሁ።

ስለዚህ የስፌት ማሽኔን ጥግ አስይዤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ባለፈው ረቡዕ አምስት ልጆች መጡ። ጫማቸውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ተራው ሲደርሰኝ የሚስቴን ስም ጠራሁ፤ እነሱም አላስቸኮሉኝም። የረቡዕ ጸሎቴ አሁን ይኸው ነው። ነገር ግን ምንጣፌ ጠባብ ነው፤ የክረምቱ ብርድም እየገባ ነው። ክፍሉን ያለ መዝገብና ያለ ነጥብ እንዲመልሱላቸው ከወገቤ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ለደኅንነታችን ያሳዩት ትጋት በእርስዎ ልጆች ላይ እንዳይደርስ ዘወትር የምጸልይ፣ ታዛዥዎ፣
ቦንግ ሳንግቹል፣ ጫማ ጠጋኝ

ማሳሰቢያ፦ የዩንሶል ጫማ እንደ ቃሌ ማክሰኞ ደርሷል። የሚወስደው ስለሌለ መደርደሪያዬ ላይ ነው። ያልተመዘገበ ነገር እንደማይወዱ አውቃለሁና ቁጥር ይስጡልኝ፤ ከሦስቱ ቀለማት የትኛውን እንደማደርግበትም ይንገሩኝ። አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ ነበር። ዛሬ ጠዋት ወደ ውስጥ አዞርኩት፤ ትንሽ ትቀመጥ ብዬ።