አጎቴ የሚያወልቁት የልብ መቆጣጠሪያ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ ቋሪት

በአጎቴ ደረት ላይ ያሰርኩት የልብ መቆጣጠሪያ በአንድ ባትሪ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን በስልኬ የሚደርሰኝ የልብ ምቱ መዝገብ መሀል መሀሉ ላይ ባዶ ነው፤ ባዶውም በየቀኑ እየረዘመ መጥቷል። ባትሪ እንዲቆጥብ ብዬ በየደቂቃው እንዲያንቀላፋ የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ስህተቱ የኔ ነው ብዬ ፕሮግራሙን ስፈትሽ ሰነበትኩ።

ዛሬ እሳቸው ወዳሉበት ገበዝ ማርያም ድረስ መጥቼ ጠየቅኳቸው።

«ልቤ ድው ድው ሲልብኝ አወልቀዋለሁ» አሉኝ። «የሰው ዕቃ በኔ ሕመም ይበላሽ እንዴ፣ ልጄ?»

የትናንቱ ባዶ ሁለት ሰዓት ይሞላል።

ገና ሳልመልስላቸው ያ ድው ድው መጣባቸውና እጃቸውን ወደ ማሰሪያው ሰደዱ። እጃቸውን ያዝኩት። «ይቆይ፣ አጎቴ» አልኳቸው። እያለከለኩ ተዉት።

አሁን መዝገቡ ፊቴ ነው። እንዲህ የተዘበራረቀ ምት አይቼ አላውቅም። ነገ ማልደን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንሄዳለን። ታመዋል ብላቸው አጨዳዬን ትቼ አልሄድም እንደሚሉ ስለማውቅ፣ ዕቃው ስለተበላሸ እዚያ ደረታቸው ላይ እየተሞከረ ይጠገናል አልኳቸው።

ይቅርታ ጠየቁኝ።