እትዬን ማን ደፍሮ ተሳስተዋል ይበላቸው

ሃአፓይ፣ ቶንጋ
ሐሙስ፣ ኦገስት 15፣ 2019

ውዱ ኮሎታው፣

እንደምን ከርመሃል? የአውስትራሊያ ብርቱካን ጀርባህን አልሰበረውም ወይ? እኔና ልጅህ ደህና ነን። ይጠባል፣ ይተኛል፣ ሲርበው ጎረቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል። በስልክ ወሬውን ያሳጠርኩብህ እህትህ ኢላይሳኔ አጠገቤ ቆማ ስለነበር ነው፤ የምነግርህ ደግሞ ስለ እሷና ስለ ወንድምህ ስለ ፊፊታ ነው። እንደ ልማድህ መጨረሻውን ቀድመህ እንዳታነብ።

የደም ግፊቴ ከፍ ማለቱን ታውቃለህ። የትልቁ ደሴት ሐኪም ቁርጡን ነግሮኝ ነበር፤ በየቀኑ በስክሪን ሊያየኝ ከቻለ እዚሁ በአዋላጇ እህትህ እጅ እወልዳለሁ፣ ካልቻለ በአርብ ጀልባ እሳፈራለሁ። በአንድ በኩል የዚህ ወር ማዕበል፣ በሌላ በኩል ሆዴ። ጀልባው ላይ እንደምወልድ እርግጠኛ ነበርኩ፤ በጣም ፈርቼ ነበር።

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ምስሉን በሚያቀባብሉ ሁለት የብረት ሳህኖች ላይ ነበር። አንዱ በትልቁ ደሴት ማማ፣ ሌላው በእኛ ክሊኒክ ጣሪያ ላይ ሆነው ባሕሩን አሻግረው ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው። በጣት ውፍረት ከተዛነፉ ምስል የለም። ቴክኒሻኑ ፊፊታ ማማው ላይ ሆኖ የሲግናሉን ቁጥር ያነባል፤ ክሊኒኬን ማንም አይነካም ያለችው እህትህ ጣሪያው ላይ ወጥታ ሳህኑን ታዞራለች። በሬዲዮ ይነጋገራሉ።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ወንድም እህቱን አያዝም፣ ፊት ለፊትም አይቃወማትም። አንተ ራስህ ጨው የበዛበት ዓሣዋን ግሩም ነው እያልክ ስትውጥ ነው የኖርከው። ፊፊታ "እትዬ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ትንሽ ወደ ግራ" እያለ ሲለማመጥ ቁጥሩ ከፍ አለ፣ ወዲያው ወረደ። እሷ "ደረሰ?" ስትለው "ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልኝ" አላት። ብሎኑን አጠበቀችው።

ጥቂት ቀን ሠራ። ዝናብ ሲመጣ ግን ሐኪሙ አፉን እንደከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። አመሻሹ ላይ በሬዲዮ "አርብ ትምጣ" ብሎ ላከ።

ፊፊታን በስልክ ለብቻው አገኘሁት። ከዋናው የሲግናል ጨረር ጎን ዝናብ የማይችል ትንሽ የውሸት ጨረር አለ፣ የያዝነው እሱን ነው አለኝ። ለካ ያኔውኑ ያውቅ ነበር።

"ታዲያ ለምን አልነገርካትም?"

"ሲያሌ፣ እትዬን ተሳስተዋል ልበላቸው?"

ለጨዋነትህ ብለህ እኔን ባሕር ልትከተኝ ነው አልኩት። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ትንሽ ትንሽ ያናድደኛል።

ባለፈው ሐሙስ፣ ጀልባው ነገ ሊመጣ፣ እንደ አስተርጓሚ መሃል ገባሁ። እሱ ለእኔ በሬዲዮ ይነግረኛል፣ እኔ ወደ ጣሪያው እጮሃለሁ። ቃሉ እሷ ጋ እስኪደርስ ሳህኑ ቦታውን አልፎታል። እንዲህ ስንደክም ምጤ ያለ ቀኑ መጣና ሬዲዮው ከእጄ ወደቀ። እህትህ ወርዳ ሆዴን ዳሰሰች፣ ሬዲዮውን አንስታ ተመልሳ ወጣች።

"ፊፊታ፣ ሲያሌን ምጥ ይዟታል። በል ተናገር።"

 ከዚያ፣

"እትዬ፣ ተሳስተዋል። የያዙት የውሸቱን ነው። ይመልሱት።"

በክሊኒኩ ደጅ ማንጎ ሥር ሆነው ይህን የሰሙት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። እሷ ግን አዞረችው። ይለፉት ይላታል፣ ገና ነው፣ አሁንም ይለፉት፣ ይቁሙ፣ አይንኩት። እርግጠኛ ነህ ወይ አለችው፤ ነኝ አለ። አጠበቀችውና ወደ እኔ ወረደች። ለእሱ ግን አንዲት ቃል አልጨመረችለትም።

በስልክ በቀላሉ ተገላገልኩ ብዬሃለሁ። ልጁ ከተወለደ በኋላ ደሙ አልቆም ብሎ ነበር። ሐኪሙ በስክሪኑ እያየ የትኛውን መርፌ እንደምትወጋኝ፣ እጇን የት እንደምትጫን ይነግራት ነበር። ውጭ ዝናብ ይጥላል፣ ምስሉ ግን አልጠፋም። ከዚህ በላይ አልጽፍልህም፤ ይኸው ድኜ በገዛ እጄ እየጻፍኩልህ ነው።

ቅዳሜ ፊፊታ አሳማና ምንጣፍ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ ተሻግሮ መጣ። አጥሩ ጥግ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እህትህ አልወጣችም። ፀሐዩ ሲበረታ ተነሥቶ ወደ ጀልባው ሄደ። ሁላችንም በቃ ተቀይማዋለች አልን፤ እኔ በእኔ ጦስ ነው ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለልጁ ስም ሊወጣለት ተሰበሰብን። ስም የምታወጣው የአባት እህት ናትና ማንም አፉን አልከፈተም። ታቅፋው ብዙ ቆየች።

"ፊፊታ ይባላል" አለች።

ልጁን ለእኔ ሰጥታ ወደ ክሊኒኳ ተመለሰች።

ለወንድምህ የነገርኩት እኔ ነኝ። ደወልኩለትና ስሙን ነገርኩት። ድምፁ ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ የስልኬን ስክሪን አየሁት። ሲግናሉ ሙሉ ነበር፤ እየሰማኝ ነበር።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ይጠብቅልኝ፤ ልጅህ መዳህ ሳይጀምር በሰላም ያድርስህ።

ሚስትህ ሲያሌ