የቀሩት ሰባት ገጾች

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ጠዋት፦ አዲስ የወጡ ኮሚክ የሥዕል መጻሕፍት ዘጠኝ፣ አሮጌ ሦስት ተሸጡ። ኦሪጅናል ገጽ፣ ሠዓሊው በእጁ የሳለውን፣ የጠየቀ የለም። ዝናብ። በዝናብ ቀን እዚህ አንጉሌም ከተማ ውስጥ ሰው ሱቅ የሚገባው ለመጠለል ነው፤ አንዳንዱ ግን አፍሮ ይገዛል።

ሠዓሊው ጊስላን ሮሽቶ ደወለ። ቅዳሜ እኔ ሱቅ መጥቶ ለአንባቢዎቹ ይፈርማል። ጠረጴዛውን መስኮቱ ሥር አድርጊልኝ አለ፤ ሳይመሽም እንጨርስ። ከወጣትነታችን ጀምሮ እኔ ጋ ሲፈርም ቦታ መርጦ አያውቅም። እርጅና ይሆን?

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

ሰልፉ እስከ ዳቦ ቤቱ ደረሰ። እዚህ ፊርማ ብቻ ይዞ የሚሄድ የለም፤ መጽሐፉን የገዛ ሁሉ ሥዕል ይጠብቃል። ጊስላን ስም ይጠይቅና ኖኤሚን ይስላል፤ የኮሚኮቹን ጀግና፣ የጭነት ጀልባ የምትነዳዋን፣ ዕድሜውን ሙሉ የሳላትን። እጁ ራሱ ያውቃታል። ወረቀቱን እንኳ በቅጡ አያየውም… ወደ ጎን ነው የሚያየው። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

ከዚያ የሙሲዬ ፉርካድ ተራ ደረሰ። ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፣ ኦሪጅናል ገጽ ሰብሳቢ፣ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ የሚሰለፍ። ጊስላን መጽሐፉን ገለጠ፤ ባዶውን ገጽ አልፎ ኖኤሚ የታተመችበት ገጽ ላይ ሳለ። በታተመችው ላይ። 

«ሙሲዬ ሮሽቶ፣ ይቺ እኮ ሁለት አፍንጫ አላት» አለ ፉርካድ።

«ለደንበኛ ምርቃት ነው» አለ ጊስላን።

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ለፉርካድ ሌላ ቅጂ ሰጠሁት። የተበላሸውንም አልመለሰም።

ኖቬምበር 9

ሰው ይሳሳታል። ግን ባዶ ገጽና የታተመ ገጽ?

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

እነጊስላን ቤት ሄድኩ። ኤድዊዥ ከፈተችልኝ፤ ሚስቱ ናት፣ ሥዕሎቹን ቀለም የምትቀባለትም እሷ። ሳልጠይቃት ነገረችኝ። የዓይኑ መሀል ጠፍቷል። ፊት ለፊቱ ያለው ሁሉ ጭጋግ፤ ዳር ዳሩ ብቻ ይታየዋል። ሐኪሙ አይመለስም ብሏል።

ጊስላን ጠረጴዛው ላይ እንዳጎነበሰ ነው። የኖኤሚ ታሪክ የመጨረሻው ቅጽ አርባ ስድስት ገጽ ነው፤ ሠላሳ ዘጠኙን ጨርሷል። በቀሩት ላይ ኖኤሚ ጀልባዋን ይዛ ከወንዙ ወደ ባሕር ትወጣለች። ከመጋባታችን በፊት ጀምሮ ይህን መጨረሻ ሲያወራልኝ ነው አለች ኤድዊዥ።

አሳታሚው ካወቀ ለሌላ ሠዓሊ ይሰጠዋል። የተለመደ ነው፤ ሠዓሊው ይሞታል፣ ገጸ ባሕሪው በሌላ ሰው እጅ ይቀጥላል።

«እኔ ግን አልሞትኩም» አለኝ። «ሰባት ገጽ ነው፣ ሶላንዥ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

አልነግርም አልኩት።

ስመለስ ምን አሰብኩ? ሱቅ ውስጥ ያሉኝን የሱን ገጾች። ዓይኑ መጥፋቱ ሲሰማ ዋጋቸው የት እንደሚደርስ። ነጋዴ ነኝ፣ ሐሳቡ ሳልጠራው መጣ። ገጾቹን ከግድግዳው አውርጄ ቆለፍኩባቸው። ከሱ መከራ አላተርፍም።

ኖቬምበር 19

ፉርካድ መጣ። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ጉልበቱ አወራ። ከዚያ የሮሽቶን ገጾች አሳዩኝ አለ።

«ለጊዜው አልሸጥም» አልኩት።



«ማዳም ሶላንዥ፣ እርስዎ ዋጋ ከተገኘ ባልዎንም የሚሸጡ ሰው ነዎት። ዓይኑ ነው፣ አይደል?»

መልስ ሳይጠብቅ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ባለመሸጤ ነገርኩት። እንደ ወትሮው ተከራክሬ አንዲት ገጽ ሸጬለት ቢሆን… በጥርጣሬ ይቀር ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ነግጄ ይህን አላውቅም?

ኖቬምበር 24

ወሬው ፓሪስ ደርሷል። አሳታሚው ለጊስላን ደወለለት፤ በጣም በትሕትና። የቀሩትን ገጾች አንድ ጎበዝ የናንት ከተማ ልጅ ይስላቸዋል፣ አንተ ትመራዋለህ አለው። ይህን የነገረችኝ ኤድዊዥ ናት። ጊስላን ስልኩን ዘግቶ ቀለሙን ሁሉ መታጠቢያው ውስጥ ደፋ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አልነሳም አለኝ፣ ምን ላድርግ አለች።



ኖቬምበር 25

ሄጄ ነገርኩት። ፉርካድ እንዴት እንዳወቀ፣ በእኔ እንደሆነ።

«ብትሸጪለት ይሻል ነበር» አለ። 

አብሬው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዳር ዳሩ ይታየዋል… ሥዕሉ ትልቅ ቢሆንስ? ሲታተም እንደሆነ መጠኑ ይቀነሳል። ለሱቁ መስኮት ማስታወቂያ የምንጽፍበት ጥቅል ወረቀት አለኝ። ግድግዳው ላይ ለጥፈህ ሳለው አልኩት፤ አንዱን ሥዕል በር የሚያክል አድርገህ።

«ቤት ቀቢ ልታደርጊኝ ነው?»

ግን ተነሳ።

ለአሳታሚው እኔ ደወልኩ። እስከ ገና ጠብቁት አልኩ። እንደ ገበያ ተከራከርኩ። እሺ አሉ፤ ልጁ ግን በጎን ይጀምራል።

ዲሴምበር 2

ኖኤሚ ግድግዳው ላይ። አንድ ዓይኗ ጉንጯ ላይ ወርዷል። ደጋግሞ ሳላት፣ ደጋግማ ሸሸችው። ወደ እኔ ዞረ… ወደ እኔ ማለቴ ወደ ጎኔ።

«እሷ ናት?»

ኤድዊዥ በዓይኗ ለመነችኝ።

«አይደለችም» አልኩት።

ብሩሹን አስቀመጠ። ልክ ሠራሁ? አላውቅም።

ዲሴምበር 5

ኤድዊዥ ደወለች። ነይ ብቻ አለች።

ኖኤሚ ጀርባዋን ሰጥታለች። ሰፊ ትከሻዋ፣ መሪውን የያዘው ክንዷ፣ ከፊቷ ውሃ። ፊት የለም።

«እስከ መጨረሻው አትዞርም» አለ። «የምትሄድ ሴት ለምን ትዞራለች?»

እሷ ናት አልኩት። ሳይጠይቀኝ።

ዲሴምበር 11

ሦስቱ አለቁ፣ አራት ቀሩ። የናንቱ ልጅ የመጨረሻውን ገጽ ንድፍ ልኳል አሉ፤ ኖኤሚ ፊት ለፊት፣ ፈገግ ብላ። አሳታሚው ወዶታል።

ዛሬ በግራው በኩል ስገባ ጊስላን አላየኝም። እስክናገር ድረስ አላየኝም። ዳሩም እየሄደ ነው። ኤድዊዥ ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል፤ አናወራውም።

ሱቅ አልከፈትኩም። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ስይዝለት ዋልኩ።

ነገ፦ ወረቀት ቤቱ ሲከፈት በር ላይ መገኘት። ሁለት ጥቅል። ከሁሉ የወፈረው ብሩሽ፣ ከሁሉ የጠቆረው ቀለም።